ለወገብ የተወሰደ ማስታገሻ ኩላሊትን ሲጎዳ

በመካነ ሰላም ከተማና በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በመቅደላና በተንታ ደጋማ ቀበሌዎች የወገብ ሕመም እንግዳ ነገር አይደለም። ሞፈር ይዞ ከበሬ ጋር የሚውለው አርሶ አደር፣ ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው እናት፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ በማጭድ የሚያጭደው ወጣት፣ በከተማ ደግሞ ሲሚንቶና ብሎኬት የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉም ወገባቸውን ይዘው የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ለአብዛኞቹ ሕመሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል። ከ3 ወር በላይ ከቆየ ግን በሕክምናው ቋንቋ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ቁጥሩ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። ሰዎችን ከሥራ በማስቀረት ረገድ በዓለም ላይ ቀዳሚው የጤና ችግርም ይኸው ነው።

የታችኛው ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። ይህ አባባል ሕክምናውን ገና ከመነሻው ያሳስታል። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ በአብዛኛው ምንም ሕመም ሳያሰማ ቀስ እያለ የሚገፋ ነው። ኩላሊት በጠጠር ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ሲያም ደግሞ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ይሰማል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም የሽንት መቅላት አብሮት ሊመጣ ይችላል። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ጋደም ሲሉ የሚቀል ሕመም ግን በአብዛኛው የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ነው። የሚያሳዝነው ኩላሊቱ የታመመ የመሰለው ሰው ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ ሲውጥ ጤነኛ የነበረውን ኩላሊት በዚያው ማስታገሻ ሊጎዳ መቻሉ ነው።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ሕመምን የሚቀንሱት ሰውነት የሚያመነጨውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር በማገድ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ንጥረ ነገር ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ፍሰት የሚጠብቅና የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከል ነው። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀናት ቢወስዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያገኘውም። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፋ ሰው ሲወስዳቸው ግን ጉዳዩ ይለያል። መድኃኒቶቹ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ በሰውነት ውስጥ ውኃና ጨው እንዲጠራቀም በማድረግ እግርን ያሳብጣሉ። ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ኢናላፕሪልን ከሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ሲጨምርበት የሦስቱ መገናኘት ኩላሊትን በድንገት ሊያደክም ይችላል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያለ ውኃ ሲያጭድ የዋለ ወይም በረመዳን ጾም ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ውኃ ስለሚያጥረው አደጋው ይጨምራል። ጨጓራ ላለበት ደግሞ ምግብ በልቶ መውሰድ የማቃጠል ስሜቱን ቢቀንስ እንጂ ከቁስለትና ከመድማት ዋስትና አይሆንም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ዕዳ አላቸው። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ያስረሱ ይሆናል፤ ነገር ግን የስኳር ሕሙማንን የደም ስኳር ያንራሉ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም አጥንትን ያሳሳሉ። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል። የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱ ወገኖች መካከል ቴኖፎቪር ያለበትን የሚጠቀሙት ዳይክሎፌናክን ሲደርቡ ኩላሊታቸው በእጥፍ ጫና ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው «የወገብ መርፌ» እያለ የሚፈልገው የቪታሚን ቢ መርፌም የቪታሚን እጥረት ለሌለበት ሰው ወገብ የሚያድን መሆኑ አልተረጋገጠም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ታማሚውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። መኸር ደርሶ እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ወገቡ የተያዘ አርሶ አደር የሚፈልገው ነገ ጠዋት መነሳትን ነው። መርፌው በአንድ ቀን ያስነሳዋል። ደሴ ወደሚገኘው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለመሄድ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ይጠይቃል፤ የጸጥታው ሁኔታ መንገዱን የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ርካሹና ቅርቡ መፍትሔ የመድኃኒት ቤቱ እንክብል መስሎ ቢታየው አያስገርምም። ርካሽ የሚመስለው ግን ኩላሊት እስኪደክም ድረስ ብቻ ነው። የኩላሊት እጥበት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የሚደረግ በመሆኑ አንድን የገጠር ቤተሰብ ጥሪቱን አሽጦ የሚያሰድድ ሕክምና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የመጀመሪያ የሆነውን የሕክምና መመሪያ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ከ100 ታማሚዎች የ90ዎቹ ያህል ሕመም በምርመራ ተለይቶ የሚታወቅ የአካል በሽታ የለውም ይላል። ለእነዚህ የሚመክረው ስለ ሕመሙ በቂ ማብራሪያ ማግኘትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ማሳጅን ጨምሮ አንዳንድ የእጅ ሕክምናዎችንና የሥነ ልቦና ድጋፍን ነው። የዳይክሎፌናክ ዓይነቶቹን ማስታገሻዎች ጨርሶ አልከለከለም፤ የታማሚውን ሌሎች ሕመሞች ከግምት ባስገባ ጥንቃቄ እንዲሰጡ ግን ያሳስባል። ትራማዶልን የመሳሰሉ ብርቱ ማስታገሻዎች፣ የወገብ መደገፊያ ቀበቶና ወገብን በመሣሪያ መጎተት በመደበኛነት እንዳይሰጡም ይመክራል። ልብ መባል ያለበት ከሚመከሩት መካከል አብዛኞቹ ውድ አለመሆናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ ይፋ የሆነ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ምክር እየተሰጣቸው ደረጃ በደረጃ የእግር ጉዞ ያደረጉት ሕመሙ ሳይመለስባቸው በአማካይ 208 ቀናት ሲቆዩ፣ ምንም ያልተደረገላቸው የቆዩት 112 ቀናት ነው። ውጤቱ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውለው የከተማ ነዋሪና ለባጃጅ አሽከርካሪው በቀጥታ ይሠራል። ከቀበሌ እስከ ገበያ በእግሩ ለሚመላለሰው አርሶ አደር «በእግርህ ሂድ» ማለት ግን ምክር አይሆንም። የእርሱ ችግር የእንቅስቃሴ ማነስ ሳይሆን ሸክሙና ያለ ዕረፍት ማጎንበሱ ነው። ለእርሱና ለባለቤቱ የሚጠቅመው ሸክምን መከፋፈል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ወይም አህያ ካለ መጫን ወገብን ያሳርፋል። አረም ሲታረምና ሲታጨድ በየጊዜው ቀና ብሎ መንጠራራት፣ ዕቃ ሲነሳ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት አጠፍ ብሎ ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው። ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ጉልበትን በየተራ ወደ ደረት መሳብ የወገብንና የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል። መጀመሪያ ላይ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ ወገቡ እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻን አድክሞ ማገገምን ያዘገያል።

እንቅስቃሴን ከሚያስፈሩት ነገሮች አንዱ «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ነው። ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት 30 በመቶ ያህሉ፣ 80 ዓመት ከደረሱት ደግሞ 84 በመቶው የዲስክ ማበጥ ተገኝቶባቸዋል። በምስሉ ላይ የታየው ነገር የሕመሙ ምክንያት ላይሆን ይችላልና የአደጋ ምልክት ለሌለበት ሰው በሬ ሸጦ ለኤምአርአይ መጓዝ በአብዛኛው የሚሰጠውን ሕክምና አይለውጥም።

በአካባቢው የተለመዱት መላዎችም በአንድ ዓይን አይታዩም። መቀነት ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ለጊዜው ቢያሳርፍም ሕመሙን አያድንም። በለስላሳው የሚደረግ እሽት ጉዳት የለውም፤ ሊያዝናናም ይችላል። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያንና የአከርካሪ ቲቢ ያለባቸው ሰዎች ግን ወገባቸው በኃይል ሊታሽ ወይም ሊጠመዘዝ አይገባም። የዋግምትና የተኩስ ቁስል በተለይ ለስኳር ሕሙማን የኢንፌክሽን መግቢያ ይሆናል። በሞቀ ጨርቅ መተኮስም ቢሆን በስኳር ምክንያት ቆዳው የደነዘዘ ሰው ሙቀቱን ሳያውቀው ሊቃጠል ስለሚችል ሌላ ሰው በእጁ ሊለካለት ይገባል። ጠበል የሚጠመቁም ሆኑ ዱዓ የሚያስደርጉ ታማሚዎች የግፊት፣ የስኳር ወይም የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት አንዱ ሌላውን ይመግባል። ባለፉት ዓመታት ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት በደቡብ ወሎ ነዋሪ ላይ ያሳደሩት ጫና ቀላል አይደለም። ወገቡን የሚያመው ሰው እንቅልፍ እንዳጣ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ለጤና ባለሙያው ቢናገር የሕክምናው አካል እንጂ ድክመት አይደለም።

በቤት ውስጥ ሊጠበቁ የማይገባቸው ምልክቶች አሉ። የእግር መድከም፣ ሽንት ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በጭን መካከል መደንዘዝ ሲያጋጥም የነርቭ መጨፍለቅ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ወይም ጀርባ እየጎበጠ ሲሄድ የአከርካሪ ቲቢ ሊጠረጠር ይገባል። ቲቢ በሀገራችን በስፋት የሚገኝ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ኤችአይቪና የስኳር ሕመም ያለባቸውን የበለጠ ያጠቃል። ከብት፣ በግና ፍየል የሚያረቡ፣ ያልተፈላ ወተት የሚጠጡ ወይም ያስወረደ እንስሳን በባዶ እጅ የሚነኩ ሰዎች ትኩሳት ተመላልሶባቸው ወገባቸውን ካመማቸው ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታም ሊኖር ስለሚችል ሥራቸውን ለሐኪም መንገር አለባቸው። ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ሰውና ከወደቀ በኋላ ሕመሙ የጀመረው አረጋዊም ሳይዘገይ መመርመር ይኖርበታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። ዛሬ አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈራል እየተመራ እስከ ሆስፒታል ይታከማል፤ መክፈል የማይችሉ ድሆችም ተለይተው መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። ታማሚው ያለ ማዘዣ በራሱ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛውን ማስታገሻ ግን መድኅኑ አይሸፍንለትም። ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ የግፊቱንም፣ የስኳሩንም፣ ከገበያ የተገዛውንም መድኃኒት በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድና ለባለሙያው ማሳየት ይገባል። ማስታገሻን ለሳምንታት የወሰደ ሰው የደም ግፊቱ እንዲለካለትና ክሪያቲኒን የተባለው የኩላሊት የደም ምርመራ እንዲሠራለት መጠየቅ ይችላል፤ ምርመራው በጤና ጣቢያው ከሌለ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል።