የቆዳ ካንሰር በጥቁር ቆዳ ላይ፦ አደጋው፣ ዓይነቶቹና መከላከያው

መግቢያ

ስለ ቆዳ ካንሰር ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው በፀሐይ የተጎዳ ነጭ ቆዳ ነው። ይህ አመለካከት መሠረት የሌለው አይደለም። በሽታው ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ በብዙ እጥፍ ይበዛል፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ሥዕሎችም በአብዛኛው የእነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» ብሎ መደምደም አደገኛ ስሕተት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ በሽታው በቁጥር አነስ ቢልም መነሻው፣ የሚወጣበት የሰውነት ክፍልና መልኩ ስለሚለያዩ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል። የዘገየ ሕመምተኛ ደግሞ እግሩን ወይም እጁን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል።

ሜላኒንና የፀሐይ ጨረር

ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት ሴሎች ቁጥር በጥቁርና በነጭ ሰው ቆዳ ውስጥ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሠሩት ቀለም መጠንና አቀማመጥ ላይ ነው። በጥቁር ቆዳ ውስጥ የቀለሙ ቅንጣቶች ተለቅ ያሉና በሴሎቹ ውስጥ በሰፊው የተሰራጩ በመሆናቸው፣ ኒውክለሱን እንደ ጥላ ሸፍነው ዲኤንኤውን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላሉ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀሐይን ጨረር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የጨረሩ ኃይል ከባሕር ወለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የደጋ አካባቢዎች ጉልበቱ ከባድ ነው። አብዛኛው ነዋሪ በሜላኒኑ ይጠበቃል። ይህ ጥበቃ የሌላቸው፣ በተለይም ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ሰዎች ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ብዙዎቹም ገና በወጣትነታቸው በፊት፣ በጆሮ፣ በከንፈርና በአንገት ላይ በሚወጣ ካንሰር ይያዛሉ።

ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ

በጥቁር አፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚታየው ይህ ዓይነቱ ነው። ከነጮች በተለየ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ በማያገኘው ቆዳ ላይ፣ ከቆየ ጠባሳ ወይም ለዓመታት ካልዳነ ቁስል ነው። ከቃጠሎ ጠባሳ የሚነሣው ካንሰር የማርጆሊን ቁስል የሚል ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ ጠባሳ ቁስሎች ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዣን ኒኮላ ማርጆሊን ነው። ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ ያለው ጊዜ በአማካይ ወደ 30 ዓመት ይደርሳል። በሕፃንነቱ ምድጃ ውስጥ የወደቀ ሰው በሽታው የሚገለጥበት በጉልምስናው፣ የቤተሰቡ ኃላፊነት በሚከብድበት ዕድሜ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ለዚህ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም። ዋና ዋናዎቹም በልጅነት የደረሰና በቆዳ ንቅለ ተከላ ያልተሸፈነ ቃጠሎ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እሳት ላይ ወድቀው የሚደርስባቸው ጉዳት፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜቱን ባጣ እግር ላይ የሚኖር ቁስል፣ መግል የሚያወጣ የቆየ የአጥንት ኢንፌክሽንና ለዓመታት ያልዳነ የቅልጥም ቁስል ናቸው። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ ሰዎች ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ካንሰር በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በብሌኑ ዳር የሚያድግን እብጠት ሁሉ ተራ የዓይን ሞራ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከጠባሳ የሚነሣው ካንሰር ከሌላው ይልቅ ወደ ንፍፊት የመሰራጨት ባሕርይ አለው። በመሆኑም ማንኛውም የእግር ቁስል ሲመረመር ብሽሽትን፣ የእጅ ቁስል ሲመረመር ደግሞ ብብትን መዳሰስ የምርመራው አካል ሊሆን ይገባል።

ሜላኖማ

ሜላኖማ ከቀለም ሠሪ ሴሎች የሚነሣ፣ ከሁሉም ይበልጥ ፈጥኖ የሚሰራጭ ካንሰር ነው። በጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ታዋቂው የሬጌ ሙዚቀኛ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

አንድን ጥቁር ነጥብ አጠራጣሪ የሚያደርጉት ምልክቶች አምስት ናቸው፦ ሁለቱ ጎኖቹ አለመመሳሰላቸው፣ የጠርዙ መዛነፍ፣ የቀለሙ መዘበራረቅ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጡና፣ ከሁሉም በላይ፣ በጊዜ ብዛት መለወጡ። በጥፍር ላይ የሚታይን ጥቁር መስመር በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥቁር ሰዎች ዘንድ በበርካታ ጥፍሮች ላይ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች የተለመዱና ጉዳት የሌላቸው ናቸው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ በጎልማሳነት አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የተሻገረ መስመር ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መላክ አለበት። የሕመምተኛው ዕጣ በዋናነት የሚወሰነው በካንሰሩ ውፍረት ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ የተገኘ ሜላኖማ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን የመሰራጨቱ ዕድል እጅግ ከፍ ይላል።

ሌሎች ዓይነቶች

ቤዛል ሴል ካርሲኖማ በነጮች ዘንድ ከሁሉም የበዛ ሲሆን በጥቁር ቆዳ ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። ሲታይም ጥቁር ቀለም ስለሚኖረው ከተራ ነጥብ ጋር ይምታታል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም ባይሰራጭም አፍንጫንና የዓይን ቆብን ቀስ በቀስ ይበላል። ካፖሲ ሳርኮማ ደግሞ በእግር፣ በፊትና በላንቃ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ እብጠት ሆኖ ይወጣል። ይህን ምልክት ያየ ባለሙያ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ምን ይደረግ?

ሦስት ወር በአግባቡ እየታከመ ያልዳነ ቁስል፣ ወይም የኖረ ቁስል ባሕርይውን ሲለውጥ ካንሰር መጠርጠር አለበት። ጠርዙ ጠንክሮ ወደ ላይ መነሣቱ፣ እንደ አበባ ጎመን የተንጨባረረ ሥጋ ማውጣቱ፣ ሲነካ በቀላሉ መድማቱ፣ ሽታው መለወጡና ሕመሙ መጨመሩ ዋነኛ ምልክቶች ናቸው። ስሜት በሌለው እግር ላይ ግን ሕመም ላይኖር እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እየቀያየሩ መስጠት ሕመምተኛው ሊድን የሚችልበትን ጊዜ ማባከን ነው።

የበሽታው ማረጋገጫ ባዮፕሲ ነው። ናሙናው ከመሐል ከሞተው ሥጋ ሳይሆን ከጠርዙ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ቦታ፣ በቂ ጥልቀት ኖሮት ይወሰዳል። ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሕመምተኛው ስም፣ የተወሰደበት ቦታና ቁስሉ የቆየበት ዘመን በግልጽ ይጻፋል። የመጀመሪያው ውጤት ካንሰር የለም ቢልም ጥርጣሬው ካልተወገደ ባዮፕሲው ይደገማል። ሜላኖማ የተጠረጠረበት ነጥብ ግን ሊቃጠል ወይም በከፊል ሊላጭ አይገባም፤ ከተቻለ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ መመርመር አለበት።

መከላከያው

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዋነኛው መከላከያ ቅባት ሳይሆን ቁስልን በወቅቱ መዝጋት ነው። ሰፊና ጥልቅ ቃጠሎ ያለበት ሕፃን ለቆዳ ንቅለ ተከላ ቶሎ ሊላክ፣ ምድጃ ከፍ ተደርጎ ሊሠራ ወይም ሊከለል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ሊደረግ ይገባል። ስሜት ያጣ እግር ያለው ሰው በየቀኑ ውስጥ እግሩን እንዲያይና ተስማሚ ጫማ እንዲያደርግ ሊመከር ያስፈልጋል።

አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ግን ከፀሐይ መጠበቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ሥር መቆየት ከሁሉ ይቀድማሉ፤ የመከላከል አቅሙ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በተጨማሪነት ይረዳል። መምህራን እነዚህን ልጆች ከመስኮት ርቀው እንዲቀመጡ ቢያደርጉ፣ የጤና ባለሙያም በየስድስት ወሩ ሙሉ ቆዳቸውን ቢመረምር ብዙ ጉዳት ይቀራል። ቆዳን የሚያነጡ ቅባቶችም የተፈጥሮ መከላከያን ስለሚያሳጡ ጉዳታቸውን ለተጠቃሚዎች ማስረዳት ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

የቆዳ ካንሰር ያለ ራጅና ያለ ውድ መሣሪያ በዓይን ሊታይ የሚችል በሽታ ነው። የሚጠይቀው ሕመምተኛው ጫማውንና ካልሲውን እንዲያወልቅ ማድረግ፣ ፋሻውን መፍታት፣ ጥፍሩን መመልከትና ጠባሳው መቼ እንደ ደረሰ መጠየቅ ነው። ጠባብ ሆኖ ሳለ የተገኘ ካንሰር በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ አጥንት ከደረሰ በኋላ ግን የሚቀረው አማራጭ ብዙውን ጊዜ እግሩን መቁረጥ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ውጤቶች መካከል ያለውን ልዩነት በአብዛኛው የሚወስነው ቁስሉን በመጀመሪያ ፈትቶ ያየው የጤና ባለሙያ ነው።