ተጨማሪ መረጃ፦ የገጽ ገላጭ ፋይሎችና የግዕዝ ፊደል

ፖስትስክሪፕትና ፒዲኤፍ አንድ ገጽ ሲታተም ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጹ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱንም ያወጣው አዶቤ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ፖስትስክሪፕትን እ.ኤ.አ. በ1984፣ ፒዲኤፍን በ1993። ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ይከፍቱታል። ፖስትስክሪፕት ግን እንደ ጎስትስክሪፕት ያለ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ለአማርኛ ትልቁ ጉዳይ ፎንት ነው። ደባርቅ ላይ በወርድ ፕሮግራም የተጻፈ የሠርግ ጥሪ ካርድ ጎንደር ከተማ ላለ ማተሚያ ቤት ሲላክ፣ የተጻፈበት ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የፊደሉ መልክ ይለወጣል፤ የሙሽራዋ ስም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታችኛው መስመር ሊወርድም ይችላል። ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ግን እንደተላከ ይታተማል። ፒዲኤፍ ሲወጣ ፎንቱ አብሮ መካተቱን ማረጋገጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

የቆዩ ፋይሎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ቀደምት የግዕዝ ፎንቶች ግን ፊደላቱን በላቲን ኮዶች ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በእነሱ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም፤ «ፋሲል» ተብሎ ሲፈለግበት ግን ምንም አይገኝም፣ ጽሑፉ ሲቀዳም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዋናው የጽሑፍ ፋይል ካለ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ፒዲኤፉን እንደገና ማውጣት ይቻላል። ከጠፋ ደግሞ ከምስል ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻው ቴሰራክት አማርኛን ያነባል፣ እርማት ግን አይቀርለትም።