ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በእግር፦ የጣና ዳርቻ የት ላይ ነው?

ከባሕር ዳር ማልዶ የተነሳ እግረኛ ጣናን በስተቀኙ ይዞ ወደ ምዕራብ ቢያቀና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጌ ሊገባ ይችላል። ይህንኑ ጉዞ አንዱ በጥቅምት፣ ሌላው በግንቦት ቢያደርጉትና ስለ መንገዱ ቢጠየቁ ግን መልሳቸው አይገጥምም። የጥቅምቱ ተጓዥ ውሃና ጭቃ እየሸሸ ብዙ ዞሯል። የግንቦቱ ደግሞ በጥቅምት ታንኳ ሲቀዘፍበት በነበረው ቦታ ላይ በደረቅ መሬት አልፏል። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት መጀመሪያ ሐይቁን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቅ ግን አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በደቡብ በኩል የውሃውን መውጫ ስለዘጋ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከክረምቱ ዝናብ ሌላ የሚሞሉት በዋናነት አራት ወንዞች ናቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። በተፈጥሮ ውሃው የሚወጣው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ዓባይ ነው። ሁለተኛው ትነት ነው፤ ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚሆን ውሃ ከሐይቁ ገጽ ላይ ያነሳሉ። ተፈጥሮ ብቻውን በሚመራው ዓመት ጣና በዓባይ በኩል ከሚለቀው ይልቅ ወደ ሰማይ የሚሰደው ይበልጣል።

ገቢው በክረምት ወራት የሚከማች፣ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ በመሆኑ የሐይቁ ከፍታ ከወር ወር ይለዋወጣል። ወንዞቹ ዝናቡ ካባራ በኋላም ውሃ ስለሚያመጡ ሐይቁ ጢም ብሎ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ እየወረደ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ይመስላል። ለእግረኛው ዋናው ነገር ግን የመሬቱ ተዳፋትነት ነው። በየ3 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ ቋጥኛማ ዳርቻ ላይ ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ቢቀንስ ዳርቻው የሚርቀው አራት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። በየ200 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ ሜዳ ላይ ግን ያው ቅናሽ 300 ሜትር መሬት ይገልጣል። በሐይቁ ዳር ያሉት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች የሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ የዘጌ ልሳነ ምድር በአብዛኛው ወደ መጀመሪያው ይቀርባል። ስለዚህ ካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ የሚታየው የጣና ዳርቻ በመሬት ላይ ሲታይ እዚህ ጥቂት ሜትር፣ እዚያ መቶ ሜትሮች የሚሰፋ ቀበቶ ነው።

ይህ ቀበቶ ባዶ ሆኖ አይከርምም። ውሃው ሲሸሽ የሚተወው መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል፤ እርጥበቱን ገና ስለያዘ ያለ ዝናብ ያበቅላል። ገበሬው የሚያፈገፍገውን ውሃ እግር በእግር እየተከተለ እንደ ሽምብራና ጓያ ያለ እህል ይዘራበታል፣ ከብትም ይሰማራበታል። እግረኛው የሚከተላቸው ቀጫጭን መንገዶችም በአብዛኛው የእነዚህ ሰዎችና ከብቶች ዱካዎች ናቸው። ለተጓዥ ተብለው የተሠሩ ስላልሆኑ ማሳ ሲታረስ ይጠፋሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይወጣሉ።

እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ ቀበቶውን የሚያሰፋውና የሚያጠበው ወቅቱ ብቻ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ድንጋያማ ደፍ ነበረ፤ የሐይቁ ውሃ ወደ ደፉ ሲቃረብ የሚወጣው በራሱ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በበጋም ውሃ እንዲደርስ ለማድረግ ባለ ሁለት በር መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨመሩ። በሮቹ ውሃ ማስቀረት ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ደፉ ይይዘው የነበረውን ጭምር ለማውጣት ያስችላሉ። ዝናብ ያነሰበት ዓመትና የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሆን በ1995 ዓ.ም. ታየ። ሐይቁ በልኬት ታሪኩ ወደ ዝቅተኛው ከፍታ ወረደ፣ መርከቦች መጓዝ አቆሙ፣ ከወትሮው የሰፋ መሬት ተገለጠ፣ እርሻም ተከትሎ ገባ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ውሃ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ሸለቆ ያወርዳል። ዛሬ አንድ እግረኛ በሚያዝያ የሚረግጠው መሬት ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑ በከፊል የሚወሰነው በኃይል ማመንጫ መርሐ ግብር ነው።

ውሃው ረጅም ጊዜ ርቆ ሲቆይ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ደንገል ነው። ደንገል ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚቆም ረጅም ሸንበቆ መሳይ ተክል ሲሆን፣ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩት ከእሱ ነው። ሥሩ ሲደርቅ ይታጨዳል ወይም ይቃጠላል፣ ቦታውም ማሳ ይሆናል። የእግረኛው መንገድ በዚህ ይቀናል፤ ጎርፍ ያመጣውን ደለል የሚያጣራውና ዓሣ የሚጠለልበት አጥር ግን ይጠፋል።

አሁን ቀኑን በካርታው ላይ እናስቀምጠው። የመጀመሪያው ክፍል ከተማው ነው፦ ወደቡ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴሎች። ተጓዡ እዚህ የሚቸገረው በግቢ አጥር እንጂ በውሃ አይደለም፤ የሐይቁን ዳር ለቆ ወደ አስፋልት መውጣትና እንደገና መመለስ አለበት። ሁለተኛውና ከባዱ ክፍል የኢንፍራንዝ ረግረግ ነው። የኢንፍራንዝ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባው ከባሕር ዳርና ከዘጌ መካከል ነው፤ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነውም ከዚሁ አካባቢ ምንጮች ይመጣል። ምንጭ ያለበት መሬት በበጋም ስለማይደርቅ፣ በሌላ ቦታ ባሕር ሸሹን የሚያደርቀው ወር እዚህ እምብዛም አያግዝም። ዞሮ በመኪና መንገዱ በኩል ማለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍል ዘጌ ነው። ከአፋፍ መንደር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ጫካው የቆየበት ምክንያት አለው፦ የገዳማቱ ሥርዓት በልሳነ ምድሩ ላይ በበሬ ማረስንና ከብት ማርባትን ከልክሏል። ትውፊቱ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዛል። ገበሬውም የሚኖረው በዋናነት ከእነዚህ ነው። የማይታረስ መሬት ላይ ያለ መንገድ ቦታውን አይቀይርም። በጉዞው ሁሉ ከዓመት ዓመት ባለበት የሚገኘው መንገድ ይህ ነው።

በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባሕር ዳርቻ መንገድ ከጣና ጋር ሲነጻጸር የሚያስተምረው ነገር አለ። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ሲል የሚደርስበት ልክ ግን ስለሚታወቅ መንገዱ ከዚያ በላይ ተቀምጧል። ለጣናም ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አይታይም። ቋሚ የእግር መንገድ ከታሰበ መቀመጥ ያለበት የጥቅምት ውሃ ከሚደርስበት በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ለደንገሉና ለገበሬው ሊተው ይገባል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ክልልነት መመዝገቡ፣ ማለትም ጥበቃና ኑሮ አብረው እንዲሄዱ የሚጠበቅበት አካባቢ መሆኑ፣ ይህን ሐሳብ ይደግፋል።

እስከዚያው መሄድ ለሚሻ፦ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት አስቀድሞ ስለ መንገዱ ደኅንነት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ተስማሚዎቹ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ናቸው፤ ከተዘራ ማሳ ላይ ግን አይለፉ። በጀልባ ለመመለስ ካሰቡ በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከውሃው ዳር ይራቁ።