ከባድ ፋይል ሳይባክንና ሳይሰረቅ ስለ ማውረድ

ገብስ ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ የጃናሞራ ገበሬ ጎተራውን በሙሉ በአንዲት አህያ ልጫን አይልም። በአቅሟ ይጭናል፤ ለቀረው ይመለሳል። ስለ ፋይል ማውረድ ልጽፍ ስነሣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነገሩ የኪነ ጥበብ ተማሪዎችንም ይነካል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን በማይክሮፊልም ከተነሡት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በኩል በኢንተርኔት ይነበባሉ። እኛስ ከስሜን ሽማግሌዎች አፍ የምንቀዳውን ታሪክ በራሳችን ሰርቨር ብናኖረው? የሚያድለው ስክሪፕት እንዴት ያለ ይሁን?

አንድ ቅጂ 600 ሜጋባይት ቢሆንና 20 ተማሪ ባንድ ጊዜ ቢጠይቀው፥ ፋይሉን ሙሉውን ወደ ሜሞሪ የሚያነብ ስክሪፕት 12 ጊጋባይት ይፈጃል። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ ደግሞ ለአንድ ስክሪፕት በተለምዶ የሚፈቅደው 128 ሜጋባይት ነውና ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል። (ገደቡን ከፍ ማድረግ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ የአህያይቱን ጀርባ ሳያዩ ጭነት መጨመር ነው።) አንድ ሜጋባይት አንብቦ፥ እሱን ልኮ፥ ከዚያ ሌላውን ቢያነብ ግን ለሃያውም 20 ሜጋባይት ገደማ ይበቃል።

መብራት ቢጠፋስ? 540 ሜጋባይት ወርዶለት 60ው ሲቀር የተቋረጠበት ተማሪ እንደ ገና ከጀመረ የካርዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይበላል። የኤችቲቲፒ ደንብ ለዚህ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መላ አለው፤ ጠያቂው «ከዚህ ባይት ጀምሮ ስጠኝ» ይላል፥ ሰርቨሩም 206 የሚል ቁጥር አስቀድሞ ቀሪውን ብቻ ይልካል። ስክሪፕቱን የምንጽፈው እኛ ከሆንን ይህን መልስ የምናስተምረውም እኛው ነን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጎተራው በር ነው። ለሽማግሌው «ድምፅዎን ተማሪ ብቻ ይሰማዋል» ብለን ቃል ሰጥተን እንደሆነስ? ስክሪፕቱ የፋይሉን ስም ከጠያቂው እንዳለ ከተቀበለ፥ ተንኰለኛ ሰው ሁለት ነጥብና እዝባር እየደረደረ ወደ ላይኛው ማኅደር ወጥቶ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ፋይል ሳይቀር ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ቁጥር ብቻ ይስጥ፤ ስሙን ሰርቨሩ ከራሱ መዝገብ ይፈልግ። ፋይሎቹም ከድረ ገጹ ማኅደር ውጭ ይቀመጡ፤ አለዚያ አድራሻውን የገመተ ሁሉ በር ሳያንኳኳ ይወስዳቸዋል። ፈቃዱም በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ጠያቂው ለቀሪው በተመለሰ ቁጥር ይመርመር፤ ይህን የሚዘነጉ ጥቂት አይደሉም።

ፈቃዱ ከተመረመረ በኋላ ስክሪፕቱ ጭነቱን ራሱ መሸከም የለበትም። እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሰርቨር «ይህን ፋይል ስጥ» የሚል የውስጥ ትእዛዝ ከስክሪፕቱ ይቀበላል፤ መክፈሉንም፥ ከተቋረጠበት መቀጠሉንም እሱ ይችልበታል።