መነጽር ከመስጠት በፊት

ልጆች፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል፤ መጻሕፍትንም ሰብስበዋል። መጽሐፍ ግን የሚያነብ ዓይን ይፈልጋል።

ሰው 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው የዓይኑ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርቡ ፊደል ይደበዝዝበታል። የኔታ ዳዊታቸውን ከፊታቸው አርቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። የሚረዳቸውም መሐሉ ወፈር ያለ መነጽር ነው። የቅርቡን እያየ የሰሌዳው ጽሕፈት የማይታየው ልጅ ደግሞ ሰነፍ አይደለም፤ መሐሉ ሳሳ ያለ መነጽር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ምእመናን ለበጎ ሥራ ወደ ሌላ አገር ሄደው መነጽር በነጻ ሲያድሉ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ሊለካ ይገባል። ምጽዋት ያለንን መስጠት ብቻ ሳይሆን ወንድማችን የጎደለውን ማወቅም ነው።

ጥያቄ፦ የሩቁ የማይታየው ልጅ የየኔታን መነጽር ቢያደርግ ሰሌዳው ይታየዋልን? ለምን?