‹‹ወሬ ሊማር ነው›› አለችኝ

ሰሞኑን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደውላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታማርር ቆየች፡፡ ልጇ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ኮምዩኒኬሽንና ሚዲያ ሊማር ነው፡፡ ‹‹በዲቪ ይዤው የመጣሁት ወሬ ሊማር ነው እንዴ? ወንድም ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ እስቲ ምከረው›› አለችኝ፡፡ ልጁን ትቼ እሷን መከርኳት፡፡ በዚሁ ጉዳይ የሚጨነቁ ብዙ ወላጆች ስለማውቅ ፍሬ ነገሩን እዚህ አሰፍረዋለሁ፡፡

ትምህርቱ ወሬ አይደለም፡፡ ተማሪው ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ዜና መጻፍን፣ የመገናኛ ብዙኃንን አሠራር ይማራል፤ ከጎኑም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ አለበት፡፡ (እኔም ሕግ ስማር እንዲህ ያለ ኮርስ ብወስድ ኖሮ መጀመሪያ ችሎት ፊት የቆምኩ ዕለት ምላሴ ባልተሳሰረ ነበር፡፡) ኮሌጁም ቢሆን የሚታፈርበት አይደለም፡፡ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ነዋሪ የሆነ በአገሬው ዋጋ ይከፍላል፡፡ ግሪን ካርድ ያለው ለፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ ማመልከት ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ ግን አይችልም፡፡

እህቴ ያልጠየቀችኝ፣ እኔን ግን ያሳሰበኝ የዲግሪው ስም ነው፡፡ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ለሚዲያ ተማሪ ሁለት ዓይነት የሁለት ዓመት ዲግሪ ሊኖር ይችላል፡፡ ‹‹አሶሺየት ኦፍ አርትስ›› የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተዘጋጀ ነው፡፡ ‹‹አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ›› የሚባለው ግን ካሜራና ኤዲቲንግ አስተምሮ በቀጥታ ወደ ሥራ ለመላክ ነው፡፡ ሁለቱም 60 ክሬዲት ገደማ ናቸው፤ መዘዙ የሚመጣው በኋላ ነው፡፡ ከዓመታት በፊት አንድ የዘመድ ልጅ ሁለተኛውን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ግማሹን እንኳ አልቆጠሩለትም፡፡ ሁለት ዓመት ሲማር ‹‹ይዛወራል›› ያለው ሰው በቃል እንጂ በጽሑፍ አልነበረም፡፡

ዝውውር ማለት በሁለት ተቋማት መካከል የተጻፈ ውል ነው፤ እንደማንኛውም ውል መነበብ አለበት፡፡ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ‹‹አድቫንስ›› የተባለ የጋራ መርሐ ግብር ጀምሯል፡፡ ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ደነገገች፤ የዝውውር ዲግሪውን ያገኘ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ይጠበቅለታል፡፡ ልብ በሉ፣ ‹‹በሥርዓቱ ውስጥ›› ነው የሚለው፡፡ የፈለገውን ካምፓስ ያገኛል አይልም፡፡ ሎስ አንጀለስ ቤት ያለው ቤተሰብ ይቺን ቃል ካለፋት ልጁን ሩቅ ከተማ ሊልክ ይችላል፡፡

እናም ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው፡፡ የትምህርቱን ዓይነት ለልጁ ተዪለት፡፡ አንቺ የዲግሪውን ሙሉ ስም ጠይቂው፡፡ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል፣ ዝቅተኛው ውጤት ስንት እንደሆነ ከውሉ ላይ ያሳይሽ፡፡ የኮሌጁ አማካሪ በቃል የነገረውንም በኢሜይል ያስልክ፡፡

ማክሰኞ ልጁ ራሱ ደወለልኝ፡፡ የተመዘገበው አርትስ ላይ ነው፤ ሁለት የቪዲዮ ኮርሶች ግን መዛወራቸውን አላረጋገጠም፡፡ የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ነገርኩት፡፡