የሲክል ሴል በሽታና የዕለት ኑሮ ጥናት፤ ለመጋላ ትምህርት ቤቶች ያለው ጠቀሜታ

ስለ በሽታ የሚደረግ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሐኪም ቤት መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን የሚያውቀው ታሞ የመጣውን ሰው ብቻ ነው፤ ሕመሙን በቤቱ ችሎ የዋለውን ወይም እያመመው በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ አይመዘግብም። ይህ ጉድለት ጎልቶ ከሚታይባቸው በሽታዎች አንዱ ሲክል ሴል ነው።

የበሽታው ጠባይ

ሲክል ሴል በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን የተለወጠ በመሆኑ ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ የማጭድ ቅርጽ ይይዝና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። ከዚህም የተነሣ ብርቱ የአጥንት ሕመም፣ የደም ማነስና ድካም ይከተላል። ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ሳይታመሙ የበሽታውን ዘረ መል የሚሸከሙ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ታማሚ ልጅ የመወለዱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። በሽታው በንክኪ አይተላለፍም። የውኃ ጥም፣ ብርድ፣ ትኩሳትና ከዐቅም በላይ የሆነ ሩጫ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል።

ከታማሚዎች የተገኘ ዕውቀት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ 232 ታማሚዎች ሕመማቸውን በየቀኑ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ከተመረመሩት 31,017 የታማሚ ቀኖች ውስጥ በ54.5 በመቶው ሕመም ሲመዘገብ፣ ታማሚዎቹ በድንገት ወደ ሐኪም ቤት የሄዱት በ3.5 በመቶው ብቻ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሳይመን ዳይሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሽታው ያለባቸውን 569 ወጣቶች ስለ ትምህርት ቤት ውሎአቸው ጠየቁ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ሁለትና ሦስት ቀን እየቆራረጡ ይቀራሉ፤ ሲመለሱም ያመለጣቸውን ትምህርት እንዲያካክሱ አይረዱም። ግማሽ ያህሉ በክፍል ውስጥ ውኃ መጠጣት ወይም ሽንት ቤት መሄድ እንደተከለከሉ፣ ሲሶ ያህሉም ደክሟቸው ሳለ ሰነፍ እንደተባሉ ተናግረዋል።

የመጋላ ሁኔታ

ድሬዳዋ ሞቃት ከተማ ናት። በደቻቱ ወንዝ ከከዚራ የሚለየው መጋላ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ሠራተኛ የሰፈረበት የገበያ ሰፈር ነው። ዘረ መል ከቤተሰብ ጋር ይጓዛል እንጂ በአንድ መሬት ተወስኖ አይቀርም፤ በሽታው በመካከለኛው አፍሪካም፣ በየመንም፣ በሕንድም ይገኛል። ስለዚህ ተማሪን በትውልዱ መጠርጠርም ሆነ «በዚህ አገር የለም» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በሽታው የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወባ ነው። ዘረ መሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ በመጠኑ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም ወርሶ የታመመውን ልጅ ግን ወባ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ፣ በተጠራቀመ ውኃ ከሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በመሆኑም ልጁ በብዛት ሊጠጣው የሚገባው ውኃ፣ በርሜሉ ካልተከደነ የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በመጋላ ጥናት ሲታቀድ መነሻው የዕለት ውሎ ሊሆን ይገባዋል። ልጁ በወሩ ውስጥ የትኞቹን ቀኖች ቀረ? ማን አስታመመው? አስታማሚዋ እናት የዕለት ገበያዋን አጣች ወይ? በቤት ውስጥ ውኃ እንዴት ይጠራቀማል? ጥያቄዎቹ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ መዘጋጀት፣ የልጁም ስም በምስጢር መጠበቅ አለበት። እየተቆራረጠ የሚቀር ተማሪን ቀድሞ የሚያሳየው የመምህሩ የቀሪዎች መዝገብ ስለሆነ፣ ከጥናቱ መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነው።

ጥናቱ እስኪፈጸም ድረስ ሊደረግ የሚቻለው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ይኸውም ተማሪው በክፍል ውስጥ ውኃ እንዲጠጣ፣ በፈለገ ጊዜ ሽንት ቤት እንዲሄድና ከከባድ ሩጫ ነጻ እንዲሆን መፍቀድ፣ ለቀረበትም ትምህርት ማካካሻ መስጠት ነው። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የመተንፈስ ችግር ሲታይ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።